ስለ ጐደሎ ስፍራ

በቀድሞ ዘመን በአንድ አገር ቍም ጽሕፈት የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸውም ሁለቱ በጽሕፈት ከሌሎቹ ይበልጡ ነበር። አንድ ቀን የአገሩ ሽማግሌዎች አሮጌ ብራና ይዘው ወደ መምህሩ መጡ። በብራናው ላይ የአገሩ ርስት ከነድንበሩና ከነባለቤቱ ስም ተጽፎበት ነበር። ነገር ግን ብራናው ከማርጀቱ የተነሣ ጽሕፈቱ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ስለዚህ፤ «የኔታ፤ ፈጽሞ ሳይጠፋ በአዲስ ብራና ያስገልብጡልን። በሁለት ብራና ቢጻፍም አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋል» ብለው ለመኗቸው።

መምህሩም አሮጌውን ብራና ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት በየተራ ሰጧቸው። በብራናውም መካከል አይጥ የበላው ስፍራ ነበረ። ስፋቱ የአንድ ስም ያህል ነው። በዚያ ስፍራ ተጽፎ የነበረው ከወንዙ ማዶ ያለው እርሻ ባለቤት ስም ነበር።

ፊተኛው ደቀ መዝሙር ወደ ቀዳዳው በደረሰ ጊዜ፤ «ጐደሎ ጽሕፈት ነውር ነው። ከዚህ እርሻ በላይና በታች ያለው መሬት የአንድ ሰው ነው፤ ይህም የእርሱ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ዐሰበ። የዚያንም ሰው ስም ጻፈበት። ጽሕፈቱ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ ማንም ሰው ቢያየው በዚያ ስፍራ ቀዳዳ እንደ ነበረ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ደቀ መዝሙር ግን ወደ ቀዳዳው በደረሰ ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ ብዙ ዐሰበ። ከዚህም በኋላ የቀዳዳውን ስፋት በክር ለካና በአዲሱ ብራና ላይ ያን ያህል ባዶ ስፍራ ተወ። በኅዳጉም፤ «በዚህ ስፍራ አንድ ስም ነበረ፤ አይጥ በልቶታል» ብሎ ጻፈ።

ሁለቱም ሥራቸውን ባመጡ ጊዜ ሰዎች የፊተኛውን አመሰገኑ። ሁለተኛውን ግን፤ «ይህስ ሥራውን ሳይጨርስ የመጣ ሰነፍ ነው» ብለው ናቁት። መምህሩ ሁለቱንም ብራናዎች ተቀብለው ዝም አሉ። የዚህ ነገር ፍጻሜ በመጨረሻ ይነገራል። አስቀድሞ ግን ጐደሎ ስፍራ ምን እንደሚናገርና ዐዋቂዎች በልዩ ልዩ ሥራ እንዴት አድርገው እንደ ተመለከቱት መማር ይገባል። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ጐደሎን የሚያይ ማን ነው?

20 በጎች የሚጠብቅ እረኛ ማታ ወደ በረት ሲያስገባቸው ይቈጥራቸዋል። 19 ብቻ ቢያገኝ አንዲቱ እንደ ጠፋች ያውቃል። በበረቱ ያሉት በጎች፤ «እኅታችን ጠፋች» ብለው አልነገሩትም። የነገረው ቍጥሩ ነው። ስለዚህ ወዲያው ችቦ ለኵሶ ሊፈልጋት ይወጣል። የበጎቹን ቍጥር የማያውቅ እረኛ ግን በረቱ ሞልቶ ስላየ ደስ ብሎት ይተኛል፤ የጠፋችውንም በግ ጅብ ይበላታል።

እንግዲህ ጐደሎ የሚታየው ሙሉውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ምንም ያልተማረ ሰው የጐደለኝ ነገር የለም ብሎ ያስባል። ትምህርት የጀመረ ልጅ ግን ያልተማረው ብዙ እንደ ሆነ ያያል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

2ኛ፤ ባዶ ስፍራ በጽሕፈትና በቍጥር

የባዶ ስፍራ ጥቅም አስቀድሞ በንባብ ይታያል። «በላይነህ» ተብሎ ተገጥሞ ሲጻፍ የሰው ስም ነው። «በላይ ነህ» ተብሎ ተለይቶ ሲጻፍ ግን «አንተ ትበልጣለህ» ማለት ይሆናል። ፊደሎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ስፍራ ብቻ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል ለመለየት በመካከሉ ሁለት ነጥብ ያደርጉ ነበር። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ስፍራው ባዶውን ይተዋል። እንግዲህ ማንበብ የሚማር ልጅ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን በቃላት መካከል ያለውንም ባዶ ስፍራ ማንበብ ይማራል።

በቍጥርም እንዲሁ ነው። በግዕዝ አኀዝ ሁለት መቶ አምስት ሲጻፍ ፪፻፭ ይሆናል። መቶ የራሱ ምልክት ስላለው የአሥሩ ስፍራ ባዶ መሆኑን ማመልከት አያስፈልግም። ዛሬ ለሒሳብ በሚያገለግለው አኀዝ ግን የምልክቱ ዋጋ የሚታወቀው በቆመበት ስፍራ ነው። በ205 ውስጥ 2 ሁለት መቶ የሚሆነው ከኋላው ሁለት ስፍራዎች ስላሉ ነው። ጸሐፊው፤ «በአሥሩ ስፍራ ምንም የለምና ልዝለለው» ቢል ቍጥሩ 25 ይሆናል። በዚህም ስሕተት 205 ብር ያበደረ ነጋዴ 180 ብር ያጣል።

ስለዚህ የህንድ አገር ሊቃውንት ለባዶው ስፍራ ምልክት አቆሙለት። በ628 ዓ. ም. ብራህማጉፕታ የተባለው ሊቅ ከዚህ ምልክት ጋር መደመርና መቀነስ እንዴት እንደሚሆን ሥርዓቱን ጻፈ። ምልክቱም ዜሮ ይባላል። በአማርኛ አልቦ ደግሞ ይባላል፤ አልቦ በግዕዝ «የለም» ማለት ነው። እነዚህ ሊቃውንት ባዶውን ስፍራ አልሰወሩትም፤ በሌላ ቍጥርም አልሞሉትም። «በዚህ ስፍራ ምንም የለም» ብለው በግልጥ ጻፉበት። እነሆ፤ ምንም ከሌለበት ስፍራ ላይ የቆመው ምልክት የቀረውን ቍጥር ሁሉ እውነተኛ አደረገው።

3ኛ፤ ስፍራ ትቶ የጠበቀ ሊቅ

ወርቅ፤ ብር፤ መዳብ፤ ብረትና ድኝ ንጥረ ነገር ይባላሉ። ንጥረ ነገር ማለት በኬሚስትሪ ሥራ ቢፈተን ወደ ሌላ ልዩ ልዩ ነገር የማይከፈል ማለት ነው። ውኃ ግን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከሚባሉ ከሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ስለ ሆነ ንጥረ ነገር አይደለም። በ1869 ዓ. ም. የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። ብዙ ሊቃውንትም የእነዚህን ሥርዓት ለማግኘት ይደክሙ ነበር።

በዚያን ጊዜ በሩስያ አገር ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነበረ። እርሱም በ1834 ዓ. ም. በሳይቤርያ ተወለደ። አባቱ ዐይናቸው ታውሮ ነበርና እናቱ የብርጭቆ ፋብሪካ እያሠሩ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። አባቱ ከሞቱና ፋብሪካው ከተቃጠለ በኋላ እናቱ፤ «ልጄ መማር አለበት» ብለው እጅግ ረዥም መንገድ ተጕዘው ወደ ፒተርስቡርግ ወሰዱት። ለትምህርት ቤት ካስገቡትም በኋላ ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ።

ሜንዴሌቭ ንጥረ ነገሮቹን ከቀላሉ ጀምሮ በክብደታቸው ተራ አሰለፋቸው። ባሰለፋቸውም ጊዜ ጠባያቸው እንደ ሳምንት ቀኖች በየጊዜው ተመልሶ እንደሚመጣ አየ። ከሰኞ ተነሥቶ ሰባት ቀን የቈጠረ ሰው እንደ ገና ሰኞን እንደሚያገኝ፤ እንዲሁ አንዱን ጠባይ ትቶ ጥቂት ስፍራ የሄደ ያንኑ ጠባይ በሌላ ንጥረ ነገር ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ በጠባይ የሚመሳሰሉትን አንዱን ከአንዱ በታች አድርጎ ጻፋቸው።

ነገር ግን አንድ ችግር አገኘው። ክብደቱ 65 ከሆነው ከዚንክ ቀጥሎ የሚታወቀው ክብደቱ 75 የሆነው አርሴኒክ ነበር። በተራው ቢቀመጥ አርሴኒክ ከአሉሚንየም በታች ሊውል ነው። ጠባዩ ግን አሉሚንየምን አይመስልም፤ ፎስፎረስን ይመስላል። ሌላ ሰው ቢሆን፤ «ሠንጠረዡ ቀዳዳ አይኑረው» ብሎ አርሴኒክን በማይገባው ስፍራ ባስቀመጠው ነበር። ሜንዴሌቭ ግን አርሴኒክን በሚገባው ስፍራ ከፎስፎረስ በታች አኖረው። ከአሉሚንየምና ከሲሊኮን በታች ያሉትን ሁለት ስፍራዎች ባዶ ተዋቸው። «በእነዚህ ስፍራዎች የሚገቡ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ገና አልተገኙም» አለ።

ይህን ብቻ ብሎ ዝም አላለም። ባዶው ስፍራ ጎረቤቶች አሉት፤ ጎረቤቶቹም ስለ ጠፋው ይመሰክራሉ። ስለዚህ በ1871 ዓ. ም. የዚያን የማይታወቅ ንጥረ ነገር ጠባይ ጻፈ። ከአሉሚንየም በታች ያለው ክብደቱ 68 ያህል እንደሚሆን፤ ልኩ ከተካከለ ውኃም 6 እጥፍ ያህል እንደሚከብድ፤ በጥቂት ሙቀትም እንደሚቀልጥ አስታወቀ። ማንም ዐይቶት የማያውቀውን ነገር እንዲህ አድርጎ መግለጡን ብዙ ሰዎች አላመኑትም።

በ1875 ዓ. ም. ግን ልኮክ ደ ቧቦድራን የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር አገኘና ጋልየም ብሎ ሰየመው። በመዘነውም ጊዜ ከውኃ 4.7 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ሜንዴሌቭ ይህን በሰማ ጊዜ፤ ያ ንጥረ ነገር ባዶውን ስፍራ የሚሞላው እንደ ሆነ፤ መዛኙም ምናልባት ባልጠራ ነገር እንደ መዘነ አስታወቀ። ፈረንሳዊው ሊቅ ጋልየሙን አጥርቶ ዳግመኛ መዘነው። ያን ጊዜ 5.9 ሆነ። ጋልየምም በሰው እጅ ሙቀት የሚቀልጥ ሆኖ ተገኘ። ደግሞ በ1879 ዓ. ም. ስካንድየም በስዊድን፤ በ1886 ዓ. ም. ጀርማንየም በጀርመን አገር ተገኙና ሜንዴሌቭ የተዋቸውን ሌሎች ባዶ ስፍራዎች ሞሉ።

አስተውሉ፤ ሜንዴሌቭ ባዶውን ስፍራ በሐሰት ሞልቶት ቢሆን ኖሮ፤ ጋልየም በተገኘ ጊዜ የሚገባበት ስፍራ ባላገኘም ነበር። ስፍራው ስለ ተጠበቀለት ባለቤቱ መጥቶ ገባበት።

4ኛ፤ አንድ ጊዜ ያገኘ፤ አንድ ጊዜ የሳተ

ፕላኔት የሚባሉት በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ ታላላቅ አካላት ናቸው፤ ምድርም አንዲቱ ናት። በ1781 ዓ. ም. ዊልያም ሄርሸል የሚባል ሰው በእንግሊዝ አገር ኡራኑስ የተባለውን ፕላኔት በመነጽር አገኘ። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት የዚህን ፕላኔት መንገድ በሒሳብ ጻፉ። ፕላኔቱ ግን በሒሳቡ እንደ ተጻፈው ሳይሆን ከመንገዱ ጥቂት ይወጣ ነበር። በሚታየውና በሚገባው መካከል ክፍተት ነበረ።

ኡርቤን ልቨርዬ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ይህን ክፍተት እንደ ምስክር ቈጠረው። «ኡራኑስን የሚስበው ሌላ ያልታየ ፕላኔት አለ» ብሎ ስፍራውን በሒሳብ ፈለገ። ስፍራውንም በጻፈ ጊዜ በበርሊን ወደሚኖረው ወደ ዮሐን ጋለ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው በመስከረም 23 ቀን 1846 ዓ. ም. ደረሰ፤ በዚያችው ሌሊት ጋለና ረዳቱ ሰማዩን ተመለከቱ። የሰማዩን ካርታ ከሰማዩ ጋር ሲያስተያዩም በካርታው ላይ የሌለ አንድ ብርሃን አገኙ። ይህም ዛሬ ኔፕትዩን የሚባለው ፕላኔት ነው። ልቨርዬ ካመለከተው ስፍራ አንድ ዲግሪ እንኳ አልራቀም ነበር።

ልቨርዬ በዚህ ታላቅ ክብር አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ሜርኩሪ የሚባለው ፕላኔት ከሒሳቡ ጥቂት እንደሚለይ አየ። በ1859 ዓ. ም.ም፤ «ይህንም ያልታየ አካል ይስበዋል» አለ። ያም አካል ቩልካን ተብሎ ተሰየመ። አንዳንድ ሰዎችም አየነው ብለው ነበር። ነገር ግን ብዙ ዘመን ቢፈለግ አልተገኘም። ልቨርዬም በ1877 ዓ. ም. እንዳመነበት ሞተ።

በ1915 ዓ. ም. አልበርት አይንሽታይን ስለ ስበት አዲስ ትምህርት ባወጣ ጊዜ የሜርኩሪ ክፍተት ፍቺ አገኘ። ቩልካን የሚባል ፕላኔት አልነበረም። ጐደሎ የነበረው በሰማይ ላይ ሳይሆን ሰዎች ስለ ስበት በሚያውቁት ዕውቀት ውስጥ ነበር።

ሁለቱም ክፍተቶች እውነተኞች ነበሩ። ልቨርዬም ሁለቱንም በሒሳብ ለክቶ ነበር። የሳተው፤ የፊተኛውን ቀዳዳ የሞላው ነገር ሁለተኛውንም ይሞላል ብሎ በማመኑ ነው። እንግዲህ ጐደሎ እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

5ኛ፤ ያልተመለሱት ምን ይላሉ?

ከ1939 እስከ 1945 ዓ. ም. በሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ አውሮፕላኖች ወደ ጦርነት ሄደው ሳይመለሱ ይቀሩ ነበር። አውሮፕላንን ከጥይት ለማዳን ብረት ይለበጥበታል፤ ነገር ግን ብረት ስለሚከብድ በሁለመናው ላይ መለበጥ አይቻልም። እንግዲህ በየትኛው ስፍራ ይለበጥ?

ከጦርነት የተመለሱት አውሮፕላኖች በተመረመሩ ጊዜ ጥይት የበሳው ስፍራ በአንዱ ወገን ይበዛል፤ በሌላው ወገን ያንሳል። ሳያስተውል የሚፈርድ ሰው፤ «ብዙ ቀዳዳ ባለበት ይለበጥ» ይላል። በ1943 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር ይሠራ የነበረው አብርሃም ዋልድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ግን ይህን ነገር በሌላ መንገድ መረመረው። የተቈጠሩት የተመለሱት ብቻ ናቸው። ክንፉን ተመትቶ የተመለሰ አውሮፕላን በክንፍ ተመትቶ መመለስ እንደሚቻል ይመሰክራል። በተመለሱት ላይ ሞተሩ ተመትቶ ካልተገኘ ግን ሞተራቸውን የተመቱት ወድቀው ቀርተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ብርቱ ጥበቃ የሚያስፈልገው ቀዳዳ በማይታይበት ስፍራ ነው።

ይህ ትምህርት ለጦር ሰው ብቻ አይደለም። ወንዝ በሞላ ጊዜ ደፍረው የተሻገሩ ሰዎች፤ «ምንም አይደል፤ እኛ ተሻግረናል» ይላሉ። ወንዙ የወሰዳቸው ግን ሊናገሩ አይመጡም። አስተዋይ ልጅ የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን ዝም ያሉትን ይቈጥራል፤ ውኃውም እስኪጐድል በዳር ይቈያል።

6ኛ፤ ጐደሎን በእውነት መሙላት

ጐደሎ ሁሉ ባዶ ሆኖ ይኑር ማለት አይደለም። በእውነተኛ መንገድ የሚሞላ ጐደሎ አለ። በ1974 ዓ. ም. በኢትዮጵያ በአፋር አገር ሐዳር በሚባለው ስፍራ ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ የጥንት ፍጡር አጥንት አገኙ። ይህችም በአማርኛ ድንቅነሽ ተብላ ተሰየመች፤ በውጭ አገርም ሉሲ ይሏታል። የኖረችበት ዘመን ከ3 ሚልዮን 200 ሺህ ዓመት በፊት እንደ ሆነ ሊቃውንት ገምተዋል። የተገኘው አጥንቷ ከመላው ወደ 40 በመቶ ነው።

ከእኩሌታ በላይ የሆነው አጥንት ጠፍቶ ሳለ ስለ እርስዋ ብዙ ነገር ታወቀ። አካል ግራና ቀኝ የሚመሳሰል ስለ ሆነ የአንዱ ወገን አጥንት ሲገኝ የሌላው ወገን መልክ ይታወቃል። ከጕልበቷ አጠገብ ያለው አጥንትም በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደ ነበር መሰከረ። ከሁለቱም ወገን ለጠፋው ደግሞ ከዚያው ወገን የሆኑ የሌሎች አጥንት እየታየ አምሳያው ይሠራል።

በአንዳንድ ቤተ መዘክር የድንቅነሽ አምሳያ ቆሞ ሲታይ የተገኘው አጥንት ቅርጽ በአንድ ቀለም፤ ሠራተኞች የጨመሩት ደግሞ በሌላ ቀለም ነው። ስለዚህ የሚመለከተው ሰው የተገኘው የትኛው፤ የተገመተውም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። መገመት ኃጢአት አይደለም፤ ግምትን እንደ እውነት አስመስሎ መሰወር ግን ሐሰት ነው።

7ኛ፤ የሁለቱ ብራናዎች ፍጻሜ

ያ የአገር ርስት ከተገለበጠ ብዙ ዓመታት አለፉ። አሮጌው ብራና ፈርሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ ስላለው እርሻ ጠብ ተነሣ። ሀብታሙ ጎረቤት፤ «እርሻው የአባቶቼ ነው» አለ። ልጆች የምታሳድግ አንዲት ድኻ መበለት ደግሞ፤ «እርሻው የሟቹ የባሌ አያት ርስት ነው» ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ፊተኛው ደቀ መዝሙር የጻፈውን ብራና አስነበቡ። በእርሱም ላይ የሀብታሙ ሰው አያት ስም ተጽፎ ተገኘ። በዚህ መሠረት እርሻው ለሀብታሙ ሊፈረድ ሆነ።

ያን ጊዜ ያ ሽማግሌ መምህር በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡና ሁለተኛውን ብራና ዘረጉ። በእርሱ ላይ ስፍራው ባዶ ነበር። በኅዳጉም የተጻፈው ቃል ተነበበ። ሽማግሌዎችም ደንግጠው ፊተኛውን ደቀ መዝሙር አስጠሩት። «በአሮጌው ብራና ላይ ይህን ስም አንብበሃልን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ፊቱ ጠቍሮ፤ «አላነበብሁም፤ ይሆናል ብዬ ጻፍሁት» አለ።

ስለዚህ ፍርዱ ቆመና በየስፍራው ምስክር ተፈለገ። በጎረቤት አገርም የእህል ግብር የተጻፈበት ሌላ አሮጌ ብራና ተገኘ። በእርሱም ላይ የዚያ እርሻ ባለቤት የመበለቲቱ ባል አያት መሆኑ ተጽፎ ነበር። ስሙም ሁለተኛው ደቀ መዝሙር በክር ለክቶ በተወው ባዶ ስፍራ ልክ ገባ። እርሻው ለመበለቲቱና ለልጆችዋ ተመለሰ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ፤ «በዚህ ስፍራ የልቡን የጻፈ ሰው በሌላስ ስፍራ ምን ጽፎ ይሆን?» አሉ። ፊተኛው ደቀ መዝሙር የሳተው አንድ ስም ብቻ ነበር። ነገር ግን ያች አንዲት ስም በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን እውነተኛ ስሞች ሁሉ አስጠረጠረች። ስለዚህ መጽሐፉ በሙሉ እንደ ገና ከሁለተኛው ጋር እየተስተያየ ተመረመረ።

መምህሩም ሁለቱን ጠርተው፤ «ልጆቼ፤ ያ ባዶ ስፍራ የሰው ገንዘብ ነበር። አንተ ለማይገባው ሰጠኸው። አንተ ግን ባለቤቱ እስኪመጣ ጠበቅህለት» አሏቸው። ፊተኛውም ደቀ መዝሙር ከዚያን ቀን ጀምሮ ያላነበበውን ነገር አልጻፈም።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፤ የጐደለውን ለማየት ሙሉውን ተማሩ። ሁለተኛ፤ የማታውቁትን ስፍራ በግምት አትሸፍኑት፤ ምልክት አድርጉበት። ሦስተኛ፤ እውነቱ ሲገኝ በደስታ ሙሉት፤ ከየት እንዳገኛችሁትም ግለጡ። መምህር ሲጠይቅ፤ «አላውቅም» ማለት ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን «አላውቅም» ያለ ልጅ መምህሩ ያስተምረዋል። ያወቀ መስሎ የሚመልስ ልጅ ግን የዕውቀትን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። አበው፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. እረኛው አንዲት በግ እንደ ጠፋች በምን ዐወቀ?
2. በ205 ውስጥ ዜሮ ባይጻፍ ነጋዴው ምን ያህል ብር ያጣል?
3. ሜንዴሌቭ አርሴኒክን ከአሉሚንየም በታች ያላኖረው ስለ ምንድር ነው?
4. ልቨርዬ በኔፕትዩን ነገር አግኝቶ በቩልካን ነገር የሳተው ለምንድር ነው?
5. ወንዝ በሞላ ጊዜ የተሻገሩትን ሰዎች ምስክርነት ብቻ ማመን የማይገባው ለምንድር ነው?
6. ከሁለቱ ደቀ መዛሙርት ሥራውን የፈጸመ ማን ነው? ምክንያቱን ተናገሩ።